የመጨረሻዋ ወርዋሪ

«ከመጨረሻው ዙር በፊት ወረቀቱን እሰጣታለሁ፣ ትፈርማለች። ሬዱ እኮ ለእኔ እምቢ ብላ አታውቅም።»

ይህን ያለው ሽመክት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ላይ፣ ለሚስቱ ለሒሩት። ሬዱ የተባለችው ታናሽ እህቱ ረድኤት ደግሞ ከመስኮቱ ውጭ፣ ከግድግዳው አንድ እርምጃ ርቃ፣ እርጥብ አንሶላ ገመድ ላይ እያሰጣች ነበር። ኮር ዊሊያም በሚባለው የጁባ ሰፈር መስኮት ዘግቶ ቁርስ የሚበላ ሰው የለም፤ ሙቀቱ አይፈቅድም። ስለዚህ የቤቱ ምስጢር ሁሉ በዚያው መስኮት ወደ ግቢ ይወጣል። ሒሩት ደስ እንዳላት ድምፅዋ ያስታውቅ ነበር። በረድኤት ቦታ እንዲገባ የታሰበው ምንያህል የሒሩት ወንድም ነው፤ ታዲያ ማን ይጠላል? «ለእሷም እረፍት ነው» አለች፤ «አምና እጇ እንዲያ ሲንቀጠቀጥ እኔ ነኝ ያፈርኩላት።» የሽመክት ማንኪያ ብርጭቆው ውስጥ ሲዞር ብቻ ተሰማ። ረድኤት ሁለት መቆንጠጫ በሚበቃው አንሶላ ላይ ስድስት ሰካችበት።

ነገሩ የቦውሊንግ ነው፤ ከባድ ኳስ በሳንቃ መስመር ላይ አንከባልሎ ጫፉ ላይ የቆሙትን ፒን የሚባሉ አሥር እንጨቶች መጣል። ጁባ ውስጥ ደግሞ ምን ቦውሊንግ አለ የሚል ሰው ሽመክትን አያውቀውም ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ከራሱ ሆቴል ጀርባ የነበረውን የቢራ መጋዘን አስጸድቶ፣ ካምፓላ ከተዘጋ የቦውሊንግ ቤት አሮጌ ዕቃ ገዝቶ፣ አራት መስመር ያለው አዳራሽ ሲያቆም የከተማው ሐበሻ ሁሉ አበደ ብሎት ነበር። አላበደም። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የአየር መንገዱ ሰው ከሥራ በኋላ የት እንደሚሄድ ጨንቆት ኖሮ አዳራሹን ሞላው። በሁለተኛው ዓመት ሊግ ተቋቋመ፤ ስምንት ቡድን፣ በየቡድኑ አራት ሰው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት የሆነው የድርጅት ሰዎች ሳይጨልም ቤታቸው መግባት ስላለባቸው ነው። ዛሬ የዋንጫው ቀን ነው። የሆቴሉ ቡድን አምና ዋንጫውን ከወሰደው የአንድ መንገድ ሥራ ኩባንያ ቡድን ጋር ይገጥማል። ለሆቴሉ መጨረሻ ላይ የምትወረውረው ረድኤት ናት። መጨረሻ የሚወረውር ሰው ወይ የቀደሙት ያበላሹትን ያቃናል፣ ወይ ያቃኑትን ያበላሻል።

አምና አበላሽታለች። ይህን ማንም አይክደውም፤ ከሁሉ በፊት እሷ አትክደውም። የመጨረሻዋን ኳስ ይዛ ቆማ ሳለ ዞር ብላ ወደ ዘመዶቿ አየች። ሽመክት አፉን በእጁ ይዟል፣ ሒሩት ዓይኗን ጨፍናለች፣ ምንያህል በሞባይሉ እየቀረጻት ነው። ከዚያ በኋላ እጇ የራሷ አልሆነም። ኳሱ ገና ጉዞውን ሳይጀምር ከመስመሩ ጎን ካለው ቦይ ገባ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ቤት ስለዚያች ኳስ አንድ ቃል አልተነሳም፤ ዝናብ ጥሎ የግቢው ቦይ ተደፍኖ ውሃ ሳሎን ሲገባ እንኳ ሽመክት ዘበኛውን ጠርቶ «ያንን ነገር ክፈተው» ነው ያለው፣ ቦይ ላለማለት። እንዲህ ያለው ርኅራኄ ከስድብ ይከፋል። ካፒቴንነቱን ግን አልወሰዱባትም። ካፒቴን ማለት በየሳምንቱ ቅጽ መሙላትና መፈረም ስለሆነ ከወንዶቹ አንድም የሚፈልገው አልነበረም። በጨዋታ መሃል ሰው የሚቀየረው፣ ወይም የራሱን ዙር የጨረሰ ተጫዋች የሌላውን ዙር የሚወረውረው፣ በካፒቴን ፊርማ ብቻ ነው፤ ሽመክት ዛሬ የፈለጋትም ለዚህችው ፊርማ ነው።

ሽመክት የማያውቀው ነገር ቢኖር ረድኤት ዓመቱን እንዴት እንዳሳለፈችው ነው። አዳራሹን የምትይዘው እሷ ናት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከፍታ መስመሮቹን በጨርቅ ትወለውላለች፣ የመስመሩን ዘይት ሁለት ሦስተኛው ድረስ ብቻ ትቀባለች፣ የመጨረሻውን አንድ ሦስተኛ ደረቅ ትተወዋለች፤ ኳስ የሚታጠፈው እዚያ ደረቁ ላይ ነው። ከዚያ ማንም ሳይመጣ ትወረውር ነበር። ሬዲዮውን እስከ ጥግ ከፍታ፣ ጄኔሬተሩ እየጮኸ፣ ሆን ብላ በጫጫታ ውስጥ። መጀመሪያ ላይ አልሆነላትም። አንድ ቀን ግን እጇን እያየች እንደምትወረውር ልብ አለች፤ ወዲያው የድሮ ሥራዋ ትዝ አላት። ከቦውሊንጉ በፊት አራት ዓመት አስተናጋጅ ነበረች። ስምንት ብርጭቆ ሻይ በትሪ ተሸክሞ በተጨናነቀ ምግብ ቤት ውስጥ የሚያልፍ ሰው ሻዩን ካየ ይደፋዋል። ይህን አዲስ አስተናጋጅ ሁሉ የሚማረው ልብሱ ላይ ደፍቶ ነው። መታየት ያለበት ሻዩ የሚያርፍበት ጠረጴዛ ነው፤ እጅ የራሱን ሥራ ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማነጣጠሪያ ወለሉ ላይ ከተሳሉት ቀስቶች ሦስተኛውን ጠረጴዛዋ አደረገችው። ኳሱን ሦስት ጊዜ ትጠርጋለች፣ ትከሻዋን ትጥላለች፣ ትንፋሿን እስከ መጨረሻው ታወጣለች፣ ቀስቱን አይታ ትሄዳለች። ከዚህ ሌላ ጥበብ የለውም።

ቁርስ ሳትበላ ወጣች። ሒሩት ከበረንዳው ሻይ እንድትጠጣ ጠየቀቻት፣ እሷም እንደቸኮለች ነገረቻት፤ ሁለቱም በጣም ጨዋ ነበሩ። በሩ ላይ የቆመው የቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል ነጂ እስከ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ አምስት ሺህ ፓውንድ አላት። «ገሊ» አለችው፣ ውድ ነው ለማለት፣ እሱም ስለ ቤንዚን አማረረ፣ በሦስት ሺህ ተስማሙ። ገበያው ገና በጠዋቱ ተጨናንቋል፤ ሽንኩርት የተሸከሙ ሰዎች በጭቃው መሃል እየጮኹ መንገድ ያስለቅቃሉ። አንዲት የፎጣ ነጋዴ ፊት ቆመች። እስከ ዛሬ ኳሷን ስትጠርግ የኖረችው ከሆቴሉ አሮጌ ፎጣ በተቀደደ ቁራጭ ነበር። ዛሬ የሆቴሉ እንዳይሆን ፈለገች። አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ፎጣ አንስታ «ቢካም?» ብላ ዋጋውን ስትጠይቃት ነጋዴዋ አሥራ ሁለት ሺህ ብላ ለክርክር ተዘጋጀች። ረድኤት ሳትከራከር ከፈለች። ነጋዴዋ ቅር አላት፤ ሳይከራከሩበት የሚሸጥ ዕቃ ደስታ የለውም። ረድኤት ግን ዛሬ ክርክሯን ለሌላ ቦታ እያስቀመጠችው ነበር።

አዳራሹ ስትደርስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አራቱም መስመሮች ያበራሉ፤ የጣሪያው መብራት ወለሉ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለት የጽዳት ሠራተኞች በጉልበታቸው ተንበርክከው የመጨረሻውን መስመር እየወለወሉ ነው። አጠገባቸው ያለው ክብ ጣሳ ከሩቅ ለየችው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የወለል ሰም ነው። ሽመክት ልጅ ሆኖ ያደገበት የሀብታም ሰፈር ውስጥ እንግዳ የሚመጣ ቀን የሳንቃው ወለል ሰም ተቀብቶ ፊት እስኪያሳይ ይወለወል ነበር፤ ትልቅ ቤት ማለት ለእሱ የሚያበራ ሳንቃ ነው። ጁባ ውስጥ ያለው ሳንቃ ደግሞ ይኸው የቦውሊንጉ ብቻ ነው። ዛሬ ባለሥልጣኖችና የድርጅት ኃላፊዎች ስለሚመጡ እሷ ሳትደርስ አስቀብቶታል። ረድኤት ጫማዋን ቀይራ አንድ ኳስ ወረወረች። ኳሱ እንደለመደው መጨረሻ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባው፣ ሳሙና በተቀባ ሳህን ላይ እንደተጣለ ሎሚ ቀጥ ብሎ ተንሸራተተና ከቀኝ ጥግ ሁለት ፒን ብቻ ጥሎ አለፈ።

ሽመክትን ቢሮው ሄዳ ነገረችው። ኳስ አይታጠፍም፣ በተለይ ምንያህል የሚመካው በሚታጠፍ ኳሱ ነው፣ ሰሙን አሁን ጀምረው ቢያነሱት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል አለችው። ሽመክት ከረቫቱን እያሰረ ነበር። ወለል ያማረ ቀን ሰው እንዴት ቅር ይለዋል ብሎ ሳቀ፣ ቀጥሎም ነርቭ እንዳትሆን፣ ምሳ በልታ ትንሽ እንድትተኛ መከራት። ለምንያህልም ነገረችው፤ እሱ ደግሞ ጎበዝ ሰው ወለል አያማርጥም አላት። ከዚያ በላይ አልለመነችም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻዋን ስትወረውር ቆየች። የሚታጠፍ ኳሷን ተወችው። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ አለች፣ እጅዋን ሳታጣምም ቀጥ አድርጋ መልቀቅ ጀመረች፤ ሕፃን የሚወረውረው ዓይነት፣ ምንም የማያምር ውርወራ። ወንዶቹ ቢያዩ ይስቁባት ነበር። ይሳቁ፣ አለች በልቧ፣ እኔ የምፈልገው ፒኑን እንጂ ጭብጨባውን አይደለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። ከፊት ባሉት ሶፋዎች ላይ ባለከረቫቶቹ ተቀመጡ፣ ወለሉን አድንቀው ለሽመክት ነገሩት፣ ሽመክትም ደረቱን ነፍቶ ተቀበለ። ነጥብ የምትመዘግበው የሊጉ ጸሐፊ ትሕትና ናት፤ በሥራዋ የአየር መንገድ ትኬት የምትቆርጥ፣ በሕግ ከመጡባት ወላጇንም የማታውቅ ልጅ። ተጫዋች ሁሉ አሥር አሥር ዙር ይወረውራል፣ በዙሩ ሁለት ኳስ አለው። ሁለት ዙር ሳይሞላ የሰሙ ነገር ተገለጠ። ምንያህል እጁን አጣሞ ያንን የታወቀ ኳሱን ለቀቀ፣ ኳሱ ቀጥ ብሎ አለፈ፣ እሱም ጫማውን ተመለከተ፤ ቀጥሎ ኳሱን ቀየረ፣ ቀጥሎ የኳሱን ቀዳዳ በጣቱ መረመረ፣ ቀጥሎ ለጄኔሬተሩ ድምፅ ፊቱን አጨማደደ። ወለሉን ብቻ አላየም። የመንገድ ሥራ ኩባንያው ሰዎችም ተንሸራተቱ፣ ነገር ግን መሪያቸው ኢንጂነር ከማሉዲን ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ነው፤ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ቀጥ ያለውን ውርወራ ያዘ። የሆቴሉ ቡድን በስድሳ ነጥብ ወደ ኋላ ቀረ።

ረድኤት የውጤት ሰሌዳውን አላየችም። ዞር ብላ ዘመዶቿንም አላየችም። ሦስት ጊዜ በሰማያዊው ፎጣ ትጠርጋለች፣ ትከሻ ትጥላለች፣ ትንፋሽ ታወጣለች፣ ቀስቷን ታያለች። ኳሷ አያምርም፤ ግን ይደርሳል። ስምንት፣ ከዚያ የቀሩትን ሁለት። ዘጠኝ፣ ከዚያ የቀረችውን አንድ። አንድ ጊዜ አሥሩንም በአንዴ። በየመሃሉ ቤንች ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ታሳርፋለች፣ ውሃ ትጎነጫለች፣ አጠገቧ ያለው ተጫዋች ስንት ቀረን ሲላት እንዳትነግረኝ ትለዋለች። ስድሳው አርባ ሆነ፣ አርባው ሠላሳ። ከማሉዲን የራሱን አሥር ዙር ጨርሶ ሲቀመጥ ሁሉም ወርውሮ አብቅቷል፤ የቀረው የእሷ አሥረኛ ዙር ብቻ ነው። ልዩነቱ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ነው። በመጨረሻው ዙር አሥሩንም የጣለ ተጨማሪ ኳስ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ በሁለቱ ኳሶቿ አሥሩን ጥላ፣ በተጨማሪው ደግሞ አሥሩንም ከደገመች በአንድ ነጥብ ያሸንፋሉ። እኩል ከወጡ ዋንጫው ባለፈው ዓመት አሸናፊ እጅ ይቆያል፤ የሊጉ ሕግ ነው።

ይሄኔ ሽመክት ከሶፋው ተነሣ። ከኮቱ ኪስ ያወጣት ወረቀት ከጠዋት ጀምሮ ተሞልታ ቆይታለች፤ በረድኤት ፈንታ ምንያህል የሚል ተጽፎባታል፣ የፊርማው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ምንያህልም ከኋላው ጣቶቹን እያፍታታ ቆሟል። ሽመክት ለእንግዶቹ ፈገግ እያለ መጥቶ ጎንበስ አለላት፣ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠ።

«ሬዱ፣ እዚች ጋ ፈርሚ። ደክሞሻል፣ እሱ ይጨርስልሽ።»

ረድኤት ወረቀቱን አየችው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት ይህ ሰው ነው። ያስተማራት፣ ትኬት ልኮ ያመጣት፣ ጣሪያ የሰጣት እሱ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን የሰጣትን ወረቀት ሁሉ ሳታነብ ፈርማለች። ስለሚወዳት እንደሚያደርገው ታውቃለች። የሚያናድዳትም ይኸው ነው። አምና ያፈረው በእሷ አልነበረም፣ ሰው ስላያት ነበር፤ ዛሬም ሊያድናት የመጣው ከዚያው ከሰው ዓይን ነው። ያደገችውን ያህል ሊያያት ግን አንድም ቀን አልሞከረም።

«አልደከመኝም፣ ወንድም ጋሼ።»

«እንግዳ ፊት አታስለምኚኝ» አለ፣ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ።

«አልፈርምም።»

ቃሉን የተናገረችው ዝቅ አድርጋ ነው፣ ግን ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ሰሙት። ሒሩት ቦርሳዋን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ሽመክት ዳኛ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ትሕትና ዞረ። ትሕትና ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ «ጋሽ ሽመክት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ካፒቴኗ ካልፈረመች ለውጥ የለም» አለችው። ረድኤት ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ ለወንድሟ መለሰችለት። እስክሪብቶውን ግን አልመለሰችም። ፎጣዋን አንስታ ተነሣች።

ልቧ ይመታ ነበር። አይመታም የሚል ካለ ውሸታም ነው። የሚመታ ልብ ግን የሚያስፈራው ሲደብቁት ነው፤ እሷ ምታ አለችው፣ እጄን ብቻ አትንካ። ሦስት ጊዜ ጠረገች። ትከሻዋን ጣለች። ከኋላዋ ማን እየቀረጻት እንደሆነ፣ ማን አፉን እንደያዘ ታውቃለች፣ አልዞረችም። ትንፋሿን አወጣች፣ ቀስቷን አየች፣ ሄደች። ስምንት ፒን ወደቀ፤ ሁለት በቀኝ ጥግ ጎን ለጎን ቆመው ቀሩ። አንድ ሰው እህ አለ። ኳሱ እስኪመለስላት እጇን ኳስ መመለሻው ላይ ባለው ማራገቢያ አድርቃ ጠበቀች፣ እንደገና ሦስት ጊዜ ጠረገች፣ እንደገና ትንፋሿን አወጣች። ሁለቱም ወደቁ። አሁን የምትፈልገው አሥር ነው። አምና የቆመችባት ቦታ ላይ ናት፣ እዚያችው ሳንቃ ላይ። ትሪውን አሰበች፣ ስምንቱን ብርጭቆ፣ ከሩቅ ያለውን ጠረጴዛ። ሄደች፣ ለቀቀች። ኳሱ በሚያበራው ሰም ላይ ቀጥ ብሎ ተጓዘ፣ ፒኖቹ መሃል ገባ፣ ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ዘጠኙ ተበታተኑ። ከኋላ በግራ በኩል የነበረችው አሥረኛዋ ተወዛወዘች፣ ወደ ቀኝ አጋደለች፣ ወደ ግራ አጋደለች፣ ተመልሳ ቆመች።

እኩል ለእኩል። ዋንጫው እነ ከማሉዲን ጋ ቀረ።

ጸጥታው ልክ የአምናው ዓይነት ነበር፤ ሰዎቹ ዓይናቸውን ከእሷ ለማሸሽ ተዘጋጅተዋል። እሷ ግን ዞር ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ሒሩትን፣ ምንያህልን፣ ሽመክትን። መጀመሪያ የተነሣው ከማሉዲን ነው። መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት። «የኔ እኅት፣ እኔ ቁጭ ብዬ እጄ ሲንቀጠቀጥ ያንቺ ዝም አለ» አላት። ከዚያ ጭብጨባው መጣ፣ ከኋላ ካሉት ሠራተኞች ጀምሮ። ሁለቱ የጽዳት ሠራተኞች እልል አሉ።

እንግዶቹ ለፎቶ ወደ ዋንጫው ሲሄዱ ሽመክት ወደ ቤንቹ መጣ። አጠገቧ ተቀመጠ፣ ከረቫቱን አላላ። ያችን የቆመች ፒን በአገጩ አመለከታት።

«አንዲት ፒን» አለ።

«አንዲት። እጄ ተንቀጠቀጠ?»

ረድኤት ወደ ትሕትና ጠረጴዛ ሄደች። የሚቀጥለው ዓመት የምዝገባ ቅጽ በዋንጫው ቀን ነው የሚሞላው። የአራቱን ተጫዋቾች ስም በተራቸው ጻፈች፤ ምንያህልን አንደኛ፣ ራሷን መጨረሻ። ካፒቴን በሚለው ላይ ፈረመች። ከታች የቡድኑ ባለቤት የሚፈርምበት ክፍት ቦታ አለ። ይዛው ተመለሰች፣ ቅጹንና ያንኑ የራሱን እስክሪብቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«እዚች ጋ ፈርም፣ ወንድም ጋሼ።»

ሽመክት አነበበው። ከላይ ጀምሮ፣ መስመር በመስመር፣ ስሞቹን ሁሉ አነበበ። የመጨረሻው ስም ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አዳራሹን አየ፤ አራቱ መስመሮች እንደ ጠዋቱ ያበራሉ፣ ምንያህል ጥግ ላይ ቆሞ ኳሱን ይመረምራል።

«ይሄ ሰም በምን ይነሣል?» አላት።

«በሙቅ ውሃና በጉልበት። ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ና፣ አሳይሃለሁ።»

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፣ ፈረመም። ረድኤት ጫማዋን ፈታች፣ ፎጣዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ወንድሟም ብድግ ብሎ ቦርሳዋን ያዘላት።